«ጥያቄ አለሽ?» ሲሉኝ ሁልጊዜ «የለኝም» እላለሁ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ የምኖረው አዲስ አበባ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እስካሁን ለአምስት ቃለ መጠይቆች ቀርቤያለሁ። የሚጠይቁኝን ሁሉ በሚገባ እመልሳለሁ። መጨረሻ ላይ «አንቺስ ጥያቄ አለሽ?» ሲሉኝ ግን አፌ ይተሳሰራል፤ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብዬ እወጣለሁ። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ይመጡልኛል።

ይህ ጠባዬ አንድ ጊዜ ዋጋ አስከፍሎኛል። ባለፈው ዓመት አንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ቀጠረኝ፤ ምንም ሳልጠይቅ ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት «ገንዘብ ያዥዋ ስለለቀቀች ካዝናውንም አንቺ ያዢ» ተባልኩ። ቀጥሎ «የሰው ዋስ አምጪ» አሉኝ፤ አጎቴን ለምኜ ፈረመልኝ። ቅዳሜም ሙሉ ቀን መግባት እንዳለብኝ የሰማሁት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ደመወዙም እጄ ሲገባ ከተነገረኝ ያነሰ ሆነ። በአራተኛው ወር ለቀቅኩ።

አሁን ይኸው አጎቴ ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ሌላ ዕድል አገኘልኝ። አስመጪ ድርጅት ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። አጎቴ «አደራ፣ ደመወዝ ምናምን እያልሽ እንዳታሳፍሪኝ፤ የሚሉሽን ሰምተሽ እሺ በይ» ብሎ አስጠንቅቆኛል። እናቴም «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። እህቴ ደግሞ «እንደ ባለፈው ልትሆኚ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። ትልቅ ሰው ፊት መጠየቅ ድፍረት አይሆንብኝም? ልጠይቅ ብልስ ምን ልጠይቅ?

«የለኝም» ባይዋ
ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፦

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ የሄደው ወደ ይሉኝታሽ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ወደ አጎትሽ ፊርማ ሄደ። ከፊርማው ልጀምር። ባለፈው ጊዜ ሳትጠይቂ ገባሽ፤ ካዝና ያዝሽ፤ ካዝና በመያዝሽ ዋስ ተፈለገ፤ ዋሱም አጎትሽ ሆኑ። ከካዝናው ገንዘብ ቢጎድል ኖሮ የሚንኳኳው የእርሳቸው በር ነበር። «እንዳታሳፍሪኝ» የሚሉሽ ሰው፣ አንቺ ብትጠይቂ ከማንም በላይ የሚጠቀሙት ናቸው። ይህን ለእርሳቸው ማስረዳት የምትችይ ይመስልሻል? እኔ ይመስለኛል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ድፍረት ወዳልሽው ነገር እንምጣ። በአገራችን ሽማግሌ ሲላክ የልጅቱ ወገን እዚያው «እሺ» አይልም። ዘር ይቆጠራል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ «ጠባዩ እንዴት ነው? መጠጥ ያበዛል?» ይባላል፤ ከዚያም «እስቲ እንመካከርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» ተብሎ ሽማግሌው ይሸኛል። ይህን የሚያደርጉት ትላልቆቹ ራሳቸው ናቸው። ነውር ነው የሚል የለም፤ እንዲያውም የሚታማው ሳይጠይቅ የሚሰጥ ቤተሰብ ነው። አንቺም ቀንሽን፣ ዓይንሽን፣ ፊርማሽን ልትሰጪ ነው። እናትሽ «ዝም አይነቅዝም» ካሉሽ ደግሞ፣ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነዚያው አበው መሆናቸውን በትህትና አስታውሻቸው።

እኔ ራሴ ለዓመታት ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ሰው ስቀጥር ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ «ጥያቄ አለሽ?» የምንለው አንዳንዴ ከልባችን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ወረቀታችንን እየሰበሰብን። ከምሳ በኋላ ሰባተኛው ሰው ላይ ሲደረስ የሁሉም መልስ አንድ ይሆንብናል። አንድ ቀን እንዲህ ደክሞን ሳለ፣ አንድ ወጣት ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ?» አለን። ሦስታችን ተያየን። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ሰው የለቀቀበት ቦታ ነበር፤ እኛ ግን ለምን ብለን ተነጋግረንበት አናውቅም። ሰብሳቢው ጥቂት ዝም አሉና እውነቱን ነገሩት፤ ቦታው ከሁለት አለቃ ትእዛዝ የሚቀበል ነበር። ልጁ አመስግኖ ወጣ። እኛም ቀጠርነው፤ ሥራ ሳይጀምር በፊት ተጠሪነቱ ለአንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል አልልሽም። ሲጠየቅ ፊቱ የሚጠቁር አለቃም ገጥሞኛል። ግን ያንን ፊት ሐሙስ ብታዪው ይሻልሻል ወይስ በአራተኛው ወር?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «የለኝም» ስትይ ውስጥሽ ምን ይላል? «ይቆጡኛል» ነው? «አላዋቂ እመስላለሁ» ነው? ወይስ «ሥራውን ይከለክሉኛል» ነው? ሦስቱ አንድ አይደሉም። የቤት ኪራይ ደርሶባችሁ ማንኛውንም ሥራ መያዝ ግድ ከሆነ፣ በዚያ የሚያሳፍር ነገር የለም። እንዲያ ቢሆንም እንኳ መጠየቅሽ አይቀርም፤ የምትጠይቂው ግን ልትመርጪ ሳይሆን ልትዘጋጂ ይሆናል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ቅዳሜውን ያደላድላል፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሰማ ሰው ይናደዳል።

ለመሆኑ ምን ትጠይቂ? በአንቺ ቦታ ብሆን ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፦ «በሂሳብ ሠራተኛውና በገንዘብ ያዡ መካከል ሥራው እንዴት ነው የተከፈለው?» ገንዘቡን የሚይዘው ሰውና መዝገቡን የሚይዘው ሰው አንድ መሆን እንደሌለበት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ገና ከመጀመሪያዎቹ ኮርሶች የተማርሽው ነው። የዚህ ጥያቄ ጥሩነቱ ስለ ራስሽ ጥቅም የምታወሪ አለመምሰሉ ነው። ባለቤቱ ሲሰሙት ለገንዘባቸው የምታስብ ልጅ ያያሉ፤ አንቺ ደግሞ የፈለግሽውን ታገኛለሽ። መልሱ «ለጊዜው አንድ ሰው ነው የሚሠራው» ከሆነ፣ ያ አንድ ሰው አንቺ ራስሽ እንደምትሆኚ ቁጠሪው።

ሁለተኛው «ሂሳቡ እስከ መቼ ተዘግቷል?» የሚለው ነው። አስመጪ ቤት ብዙ ወረቀት አለው፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የባንኩ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ የትራንዚቱና የመጋዘኑ ደረሰኝ። የሁለት ዓመት ሰነድ በካርቶን ተቆልሎ ሊጠብቅሽ ይችላል፤ እሱን የማጥራቱ ሥራ ደግሞ በቅጥር ደብዳቤሽ ላይ አይጻፍም። ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ሂሳቡን አዘጋጅቶ ማስታወቅ ስላለበት፣ የምትገቢበት ወርም ራሱ ለውጥ አለው። ብዙ ተፈታኞች በዚህ ቦታ «ፒችትሪ ነው የምትጠቀሙት?» ይላሉ። ክፉ ጥያቄ አይደለም፤ ነገር ግን ሶፍትዌርን በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ፣ የተከመረ ሰነድ በሁለት ሳምንት አያልቅም። «ሂሳቡን የውጭ ኦዲተር ይመረምረዋል?» የሚለውን ብታክዪበት ደግሞ ስለ ቤቱ ንጽሕና ሌላ ማንም የማይነግርሽን ትሰሚያለሽ። ጥያቄው ወዲያው ከተድበሰበሰ አትከራከሪ፤ ልብ ብለሽ ብቻ ውጪ። በየሰነዱ ሥር የምትፈርሚው አንቺ ነሽና።

ከዚያ «በሙከራ ጊዜዬ ምን ሠርቼ ባሳይ ደስ ይላችኋል?» በያቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በጽሑፍ የተደረገ ስምምነትም ያስፈልገዋል። በቀድሞው አዋጅ 45 ተከታታይ ቀናት ነበር። «የሥራ ቀናት» የሚለውን ልብ በይ፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ዐሥር ሳምንት ገደማ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቁ አልሆንሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፤ አንቺም ካልጣመሽ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችያለሽ። ስለዚህ በምን እንደምትመዘኚ ማወቅ መብትሽ ብቻ ሳይሆን ለእነሱም ይጠቅማቸዋል።

ስለ ደመወዝ አጎትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ገና ወንበር ላይ ሳትደላደይ «ስንት ትከፍላላችሁ?» ማለት አይመከርም፤ በአጎት በኩል ለተገኘ ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይጎረብጣል። ግማሹ እውነት ያልሆነው «እሺ ብቻ በይ» ያሉት ነው። በየጋዜጣውና በየሰሌዳው «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚል እናነባለን፤ ስምምነት ደግሞ ለብቻ አይደረግም። እነሱ ካነሱት ተነጋገሪ። ካላነሱት «እንቀበልሻለን» እስኪሉሽ ጠብቂ፤ ያን ቀን ግን ሳትጠይቂ አትፈርሚ። የምትጠይቂው በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የነገሩኝ ያልተጣራው ነው ወይስ የተጣራው?» አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽና ስሌቱን ላስተምርሽ አይቃጣኝም፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ግን ልጥቀሰው። አንድ ሰው 15,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ቢባል፣ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሰንጠረዥ 3,200 ብር ግብር፣ በ7 በመቶ ደግሞ 1,050 ብር ጡረታ ይቀነስበታል። እጁ የሚገባው 10,750 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ለጡረታው ይጨምራል፤ ይህ እንደሚገባ ማረጋገጥም አይከፋም። የሚገርመኝ፣ የሠራተኛውን ሁሉ ፔይሮል የምታዘጋጂ ልጅ የራስሽን ለመጠየቅ ማፈርሽ ነው። አትቀየሚኝ፤ ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን።

ስለ ቅዳሜም አንድ ነገር ልበልሽ፤ ምናልባት አይጥምሽም። ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ስድስት ጊዜ ስምንት አርባ ስምንት ነውና ቅዳሜን ሙሉ ቀን ማሠራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያልተነገረሽ መሆኑ፣ አንቺም አለመጠየቅሽ ነበር። «የሥራ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት ነው? ቅዳሜስ?» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ከዚያ በላይ ካሠሩሽ ቀን ለሠራሽው የትርፍ ሰዓት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ሊከፍሉሽ ይገባል፤ ይህን ግን በቃለ መጠይቁ ላይ አታንሺው። የሰዓቱን ከነገሩሽ ሌላውን አንቺ ታሰያለሽ።

አሁን ወደ ዋሱ እንመለስ። ለመፈረም ስትጠሪ «ዋስ ያስፈልጋል? ለስንት ብር?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለተኛው ክፍል ዋና ነው። ከ1952 ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን እንዲገለጽ ያስገድዳል፤ መጠኑ ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። ሆኖም ቅጹ ላይ መጠኑ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ «ዝም ብለህ ፈርም፣ እኛ እንሞላዋለን» የሚባልበት ቤት አለ። አጎትሽ የፈረሙት ምን ዓይነት ወረቀት ነበር? አንብበውት ነበር? አንቺስ? በዚያው አጋጣሚ ዋናውን የትምህርት ማስረጃሽን ያስቀሩ እንደሆነም ጠይቂ፤ ዋናውን አሳይቶ ቅጂ መስጠት ነው ደጉ።

ለአጎትሽ የምትነግሪያቸውን እንዲህ ብታደርጊው ብዬ አሰብኩ፦ «ጋሼ፣ ደመወዝ እኔ ቀድሜ አላነሳም፤ ቃል እገባልሃለሁ። ካዝና ይኖርብኝ እንደሆነ ግን መጠየቄ አይቀርም፤ ያለዚያ ነገ ተመልሼ አንተን ላስፈርም ነው።» በግማሹ ስትታዘዢያቸው በግማሹ ይሰሙሻል። ከዚህ በኋላም ቅር ካላቸው አንድ ቀን ስጫቸው፤ የፈረመ ሰው ነገሩን ማታ ሲያስበው ይገባዋል።

ሐሙስ ዕለት ለባለቤቱ እንዴት ትናገሪያለሽ? ትልቅ ሰው ስለሆኑ «ይፍቀዱልኝና አንድ ሁለት ነገር ብጠይቅ?» ብለሽ ጀምሪ። ፈቃድ የጠየቀን ሰው «አይቻልም» የሚል ትልቅ ሰው እኔ አላየሁም። ከተመቸሽ ቀድመሽ ድርጅቱ እንዴት እንደተጀመረ ጠይቂያቸው፤ ንግዱን ከአንዲት ጠባብ ሱቅ አሳድገው ከሆነ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ያጫውቱሻል፣ በጨዋታውም መካከል ስለ ቤቱ ብዙ ትሰሚያለሽ። ለማሞካሸት ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ እንዲህ ያለው ነገር ይታወቃል። «ስትገቢ ታይዋለሽ» የሚል መልስ ከመጣ አንድ ጊዜ በለዘበ ቃል ድገሚው፦ «እሺ፣ ለመዘጋጀት እንዲረዳኝ ብዬ ነው።» ሁለተኛም «ታይዋለሽ» ከተባልሽ ተዪው፤ መልሱን አግኝተሻል።

አፍሽ የሚተሳሰረው ሐሳብ አጥተሽ አይደለም፤ ደረጃው ላይ እየመጣልሽ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ በእጅሽ ጻፊያቸው፤ «እንዳልረሳ ጽፌያቸው ነበር» ብለሽ ብታወጪያቸው ያስከብርሻል እንጂ አያሳፍርሽም። እሑድ ቡና ሲፈላ ደግሞ ያቺን የምትስቅብሽን እህትሽን የድርጅቱ ባለቤት አድርገሽ አስቀምጫት። ትሳቅ። ጥያቄዎቹን ጮክ ብለሽ ሦስት ጊዜ ካልሻቸው አራተኛው ይቀላል። ምናልባት ሐሙስ ሰዓት ተጣቦ ሰዎቹ ሲነሱ ካየሽ፣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ የገንዘብ ያዡን አንዷን ብቻ ጠይቂ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለሽ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ስላላነሳሽው አሳስቦኛል። ከቀድሞው መሥሪያ ቤትሽ ስትለቂ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳም ንብረትም እንደሌለብሽ የሚገልጽ ወረቀት፣ ወስደሻል? ካዝናውን ለማን አስረከብሽ፣ በርክክቡስ ላይ ማን ፈረመ? የአጎትሽ ዋስትና መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ካልተሰጠሽ ያ ወረቀት እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሂጂና ክሊራንሱን፣ ዋስትናው መነሣቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ፣ ካልወሰድሽም የሥራ ልምድሽን ጠይቂ፤ የሥራ ልምድ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሚያናግርሽ ሰው «ሌላ ጥያቄ አለሽ?» ካለሽ፣ ለሐሙስ እዚያው መለማመድ ትችያለሽ። ደብዳቤውንም ማታ ለአጎትሽ ውሰጂላቸው።